ቁልፉ የሚሸፍነው ስህተት

ባሕር ዳር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። ባጃጆቹ ሳይወጡ፣ ዘንባባዎቹ መሃል ያለው አስፋልት ለአንድ ሰዓት ያህል የሮለር ስኪ፣ ማለትም የበረዶ ስኪ ስፖርተኞች በረዶ በሌለበት የሚለማመዱበት ባለ ጎማ ስኪ፣ ነው።

ከስፖርተኛነት ወደ አሰልጣኝነት መሻገር የሚከብደው ለምን ይሆን እያልኩ ደጋግሜ አስባለሁ። ስፖርተኛ እግሩ የሚያውቀውን በቃል መናገር አይጠበቅበትም። አሰልጣኝ ግን ያው ነገር ሲበላሽ ከሃያ ሜትር ርቀት ለይቶ ማየት፣ ከዚያም ልጁ በሚገባው አማርኛ ማስረዳት አለበት። እኔ ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ሮለር ስኪ ራሱ የሚደብቀውን ስህተት ነው።

የክላሲክ፣ ማለትም ሁለቱ ስኪዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ወደ ፊት የሚሄዱበት ስልት፣ ሮለር ስኪ አንደኛው ጎማ ወደ ፊት ብቻ የሚዞር ኩሽኔታ አለው፤ ወደ ኋላ ሲገፉት ይቆለፋል። ስለዚህ ልጁ ዘግይቶ ቢረግጥም ወደ ፊት ይሄዳል። በረዶ ላይ ይህ ቁልፍ የለም። የበረዶ ስኪ መሃሉ እንደ ደጋን ጎበጥ ያለ ነው፤ የሚይዘው ሰም የሚቀባውም እዚያው ጉብታው ስር ነው። ሰሙ በረዶውን የሚነክሰው ክብደት በሙሉ በአንድ እግር ላይ አርፎ ደጋኑ ሲጨፈለቅ ብቻ ነው። እግሩ ከዳሌው ኋላ ካለፈ በኋላ የሚገፋ ልጅ ደጋኑን ሳይጨፈልቅ ያልፋል፤ ስኪው ወደ ኋላ ይሸሻል። እዚህ ዓመት ሙሉ ያማረ የመሰለ እርምጃ እዚያ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ይፈርሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያደገ ሯጭ ትንፋሽ አይቸግረውም። የሚቸግረው ይኸው ነው።

ስህተቱን ለማግኘት በሁለቱ እጆች ይዘው መሬት የሚገፉበትን ዱላ አስቀምጦ 200 ሜትር አራት ጊዜ መመላለስ ይበቃል። ዱላ ያለው ልጅ በክንዱ ይሸፍናል። ከጎን ሆኖ ማየት ግድ ነው፤ ግፊቱ መጀመር ያለበት ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው። ከፊት ሲታይ ደግሞ አፍንጫ፣ ጉልበትና የእግር ጣት አንድ መስመር ላይ ይዋሉ። ጆሮም ይረዳል፦ የሚመለሰው ስኪ ጧ ብሎ ከወረደ ክብደቱ ገና ወደ ኋላ ቀርቷል። ማረሚያው ስኪውን ማውለቅ ነው። ወደ ቤዛዊት የሚያወጣውን ዳገት በሩጫ ጫማ፣ ዱላ ይዞ፣ እየዘለሉ መውጣት። ጫማ ቁልፍ ስለሌለው የዘገየ ግፊት ወዲያው ይጋለጣል።

የዱላ ነገርም አለ። በክላሲክ ውድድር ዱላው ከጫማ ጋር ከተለካ ቁመት 83 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ለ175 ሴንቲ ሜትር ልጅ 145 ማለት ነው። የብረት ጫፉ ሲዶለዱም አስፋልቱ ላይ ያንሸራትታል፣ ልጁም ትከሻውን ያጠነክራል። ብዙ አሰልጣኝ ትከሻውን ሲያርም ይውላል፤ ችግሩ ግን በአልማዝ ሞረድ የሚፈታ ነው።

ሮቤል ተክለማርያም በ2006 (እ.ኤ.አ.) ቱሪን ላይ በክላሲክ፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ በነጻ ስልት፣ ሁለቱንም ጊዜ 15 ኪሎ ሜትር ተወዳድሯል። በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ነጻው ስልት ባለ ስለት ጫማ አድርጎ በረዶ ላይ እንደሚንሸራተት ሰው ወደ ጎን ይገፋል፤ የሚይዝ ሰም አይጠይቅም። ለአዲስ ልጅ ይቀላል ብዬ አምናለሁ፣ ግን በእሱ መጀመሩን አልወደውም፤ ክብደትን በአንድ እግር ላይ መሸከም የሚማረው በክላሲኩ ነውና።

ሐምሌ ሲገባ እርጥብ አስፋልት ላይ ጎማው ይከዳል፣ ስኪውም ፍሬን የለውም። ቁልቁለት ሲመጣ ስኪው ወልቆ በእጅ ይያዛል። ዝናብ የነካው ኩሽኔታ በዚያው ቀን ተፈቶ ይደርቅ፣ ቅባት ይቀባ። ጎማዎቹ እኩል እንዲያልቁ ቦታ ሲቀያየሩ ደግሞ ቁልፍ ያለውን ጎማ ሁለት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል። ተገልብጦ ከተገጠመ ወደ ኋላ ብቻ ይዞራል፤ ልጁም በመጀመሪያው እርምጃ በፊቱ ይደፋል።