ከዘራው የቱ ጋ ነው የተሰነጠቀው?

ጋሼ አጎቴ ናቸው፤ አዳማ ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሲንገራቸው ሊነሱ ሲሉ በትከሻቸው መሃል አንዳች ነገር ያዛቸው። «ተቀደድኩ!» ብለው ጮኹ። እኔ ሱሪው መስሎኝ ሳቅሁ።

ላብ ሲያጠምቃቸው የአዳማ ሙቀት ነው አልን። ጎረቤት ጨጓራ ነው ብሎ ተልባ አመጣ። እኔ ደግሞ ልባቸው ነው ብዬ አስፕሪን ልገዛ ሮጥኩ። ደግነቱ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ «መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው» ብላ መለሰችኝ። አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ለእሳቸው መዘዝ ነበር።

ሐኪም ቤት ስንደርስ የደም ግፊታቸው 210 በ120 ሆነ። የግፊት ክኒናቸውን «ደህና ሆኛለሁ» ብለው ካቆሙ ሁለት ወር እንዳለፋቸው የሰማሁት ያኔ ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም ክንድ ለካ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ለካ ትልቁ የደም ቧንቧ ሲሰነጠቅ፣ ስንጥቁ ወደ አንዱ ክንድ የሚሄደውን ደም ከጋረደ ልኬቱ ይለያያል። የጋሼ እኩል መጣ። ሐኪሙ ግን በዚያ አልተዘናጋም፤ ሲቲ ስካን አዘዘ። ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ተሰንጥቆ ተገኘ።

«ብር እንሰበስባለን፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ይደረግላቸው!» ብዬ አፈጠጥኩበት። እሱ ዝም ብሎ ወረቀት ላይ ከዘራ ሳለ።

አኦርታ እንደ ከዘራ ነው። ከልብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቆለመማል፣ ከዚያ በጀርባ በኩል ወደ ሆድ ይወርዳል። ግድግዳው እንደ ጋቢ ድርብርብ ነው። የውስጠኛው ሲቀደድ ደም በድርቡ መሃል ይገባና እየሰነጠቀ ይሄዳል። ስንጥቁ ልብ አጠገብ ያለውን ወደ ላይ የሚወጣውን ክፍል ከነካ ቀጠሮ የለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በየሰዓቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ የመሞት አደጋ አለው። ደረት ይከፈታል፣ ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ልብ ይቆማል፣ ማሽን ተክቶ ይሠራል፤ የተቀደደው ተቆርጦ ዳክሮን ከሚባል ጨርቅ የተሠራ ቱቦ ይሰፋበታል። ደም ከልብ ወደ አኦርታ የሚያሳልፈው በር (ቫልቭ) ከተበላሸ የአኦርታው ሥር ከበሩ ጋር አብሮ ይቀየራል፤ በሩ ጤነኛ ከሆነ እሱን አትርፎ የሚጠግን ዘዴም አለ።

የጋሼ ግን የግራውን ክንድ ቧንቧ አልፎ፣ ወራጁ ላይ ነበር። እዚያ ላይ መጀመሪያ መድኃኒት ነው፤ የልብ ምትን ከ60 በታች፣ የላይኛውን ግፊት ወደ 120 እና ከዚያ በታች ማውረድ። ቧንቧው ከደማ፣ ወይም ኩላሊት፣ አንጀት ወይም እግር ደም ካጣ፣ ያኔ በብሽሽት በኩል ጨርቅ የለበሰ ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከውስጥ የሚደግፍ የሽቦ ቱቦ፣ ይገባል። እኔ ግን ቢላዋ ካልነካው አልታከመም ባይ ነበርኩ። ሐኪሙን መጨቅጨቅ ትቼ «የቱ ጋ ነው? ኩላሊቱስ? እግሩስ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

በዚያው ሌሊት መድኃኒቱ በደም ሥራቸው እየገባ፣ በአምቡላንስ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ገባን። እዚያም ቀዶ ሐኪሙ ያንኑ ደገመልን። ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ለቀቃቸው።

ስለ ዳክሮን ሳነብ ያገኘሁትን አልጋቸው ጎን ሆኜ ነገርኳቸው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ማይክል ዲቤኪ የመጀመሪያዎቹን የዳክሮን ቱቦዎች በሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና ነበር የሰፋው። ራሱም በ97 ዓመቱ ይኸው ሕመም ይዞት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀዶ፣ እስከ 2008 ኖሯል።

ጋሼ ትንሽ አሰቡና «በስንት ቁጥር ክር?» አሉኝ።