ጀርመንኛ ያስተማረኝ ቆጥቋጣ ዳክዬ

ፍራንክፈርት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ቤ አይንስ የሚሉትን የመካከለኛ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና ወደቅኩ። ሁለተኛዬ ነበር። የኮርሱ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ሁሉ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሰዓት ይጠያየቃል። ገና ስገልጠው እንቅልፌ ይመጣል። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር ባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስዞር፣ አንዲት ሴትዮ ካርቶን ሙሉ ያረጁ ኮሚኮች በ5 ዩሮ ሸጡልኝ። ከላይ ባለው ሽፋን ላይ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ዳክዬ ሳንቲም ውስጥ ይዋኛል።

እንግሊዝኛ አንባቢ ስክሩጅ ማክደክ የሚለው ነው። ጀርመኖቹ ዳጎበርት ዱክ ይሉታል። አሜሪካዊው ሰዓሊ ካርል ባርክስ በ1947 እ.ኤ.አ. ለአንድ የገና ታሪክ ፈጠረው፤ ዳክዬው ግን ከዚያ በኋላ ቋሚ ባለታሪክ ሆኖ ቀረ። በሀብት የሚደርስበት የለም፣ አምስት ሳንቲም ሲወጣ ግን ነፍሱ አብራ የምትወጣ ይመስለዋል። የእህቱን ልጅ ዶናልድን ለወርቅ ፍለጋ ዓለምን ያዞረዋል። ክፍያው ለወሬ አይመችም።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት መዝገበ ቃላት መያዜ ነው። ያላወቅኩትን ቃል ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ደብተሩ ሞላ፣ ጭንቅላቴ ግን ባዶ። በኋላ ዘዴ ቀየርኩ፤ አንዱን ታሪክ መጀመሪያ ሥዕሉን ብቻ አያለሁ፣ ከዚያ ቃሉ ባይገባኝም ሳልቆም እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ጮክ ብዬ፣ ዳጎበርትን በሽማግሌ ድምፅ፣ ዶናልድን በብስጩ ድምፅ። ጎረቤቶቼ ምን እንዳሉ እግዜር ይወቀው።

መጀመሪያ እስከ መጨረሻው የገባኝ ታሪክ የቆርኪው ነው። ዳጎበርት ገንዘብ ስጠን በሚለው ሰው ብዛት ታሞ፣ ገንዘብ የሚባል ነገር የሌለበት የሂማላያ ሸለቆ ይሄዳል። እዚያ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ቆርኪ ወድቆ አንድ ገበሬ ያገኘዋል። አለቀ። አገሩ ሁሉ ቆርኪ ካልያዝኩ ይላል፣ ያ ሰላማዊ ሕዝብ ዓይኑ ይቀላል፣ ዳጎበርትም ነገሩን ላብርድ ብሎ በአውሮፕላን አንድ ቢሊዮን ቆርኪ ሲያስወርድ እርሻው ይቀበራል። እኔ ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ በቆርኪ ተቋምሬ ተደባድቤያለሁ። ምን ልጠይቅ?

ሌላው ውለታ የኤሪካ ፉክስ ነው። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህን ታሪኮች ወደ ጀርመንኛ የመለሱት እሳቸው ናቸው፤ በሥነ ጥበብ ታሪክ ዶክተር ነበሩ። ዳጎበርት በጥንቱ የተጣራ ቋንቋ ይናገራል፣ ትንንሾቹ የዶናልድ እህት ልጆች ደግሞ እንደ ተማሪ። ግሱንም ጫፉን ቆርጠው ድምፅ ያደርጉታል፤ «ዞይፍትስ» ብለው ሲጽፉ ዳክዬው በረጅሙ ተነፈሰ ማለት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ዋትሳፕ ላይ ይህን ሲጽፉ አይቼ በደስታ ልሞት ነበር። የማውቀው ቃል!

ጉዱ የመጣው የምሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ድስት ከእጄ ሲወድቅ «ሳፐርሎት!» አልኩ፣ እንደ «ወይ ጉድ!» ያለ፣ ከኮሚኩ የለቀምኩት መሆኑ ነው። ወጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ «አያቴ እንዲህ ይሉ ነበር» አለኝ። ለካ ስንት ወር ሙሉ እንደ ድሮ ባለጸጋ ሽማግሌ ስናገር ከርሜያለሁ። ከዚያ በኋላ አዲስ ቃል ሳገኝ ከመጠቀሜ በፊት ባልደረባዬን «ይሄን ዛሬ ሰው ይለዋል?» እላለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ባደርገው ኖሮ ብዙ መሳቂያ አልሆንም ነበር። አሁንም «ሄር ሳፐርሎት»፣ አቶ ሳፐርሎት፣ የሚሉኝ አሉ።

ፈተናውን በሦስተኛው አለፍኩ። ዳክዬው ብቻውን አሳለፈኝ አልልም፣ ኮርሱንም አላቋረጥኩም።

አሁን ማታ ማታ ለልጄ በአማርኛ እያዞርኩ አነብላታለሁ። የተቸገርኩት ዶናልድ አጎቱን «ዱ» ሲለው ነው። አንድን ነጭ ጺም ያለው ባለጸጋ አንተ ማለት አፌ እምቢ አለኝ፣ «እርስዎ አጎቴ» አደረግኩት። ልጄ ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ «አባዬ፣ ዱ ነው የሚለው፣ እዚህ ጋ ተጽፏል» አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። መዝገበ ቃላት የሚባል ነገር አታውቅም።