ልኩ አርባ ቀን አልቆየም

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ናት፤ አንድ መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ለደንበኛ አንድ ወንበር። የሰው ልክ በዓይኔ እገምታለሁ እያልኩ ስጎርር ነው የኖርኩት። የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ ጉራዬ አርባ ቀን እንኳ አልዘለቀም።

በተወለደ በ4ኛው ቀን ሜትሬን አውጥቼ ለካሁት። የክርስትና ልብሱን ራሴ ልሰፋ ነው። ደረት 33 ሴንቲ። ጭንቅላት 35። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያው ነው። ከደረቱ ጭንቅላቱ የሚሰፋ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ልጁ አንድ ነገር ሆኗል ብዬ ለማንም ሳልናገር አደርኩ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ለአዋላጅ ነርሷ ሹክ አልኳት። ሳቀችብኝ። አራስ ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው አለች። ሲወለድ ጭንቅላቱ የቁመቱን ሩብ ይይዛል፤ የእኛ ግን ከስምንት አንድ እጅ ገደማ ነው። ደረቱ ጭንቅላቱ ላይ የሚደርሰው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው።

ሚዛኑ ላይ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ። 3 ኪሎ ከ200 ግራም የተወለደው ልጅ 3 ኪሎ ሆኗል። አማቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ጡቷ አልበቃውም ማለት ነው፤ ቅቤ ይዋጥ» አሉ። ነርሷ አስቀድማ ነግራን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ ከመቶ 7 እጅ፣ አንዳንዴም እስከ 10 እጅ መቀነስ ያለ ነው። ሁለት ሳምንት ሲሆነው ወደነበረበት ይመለሳል። እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ሌላ ምንም እንዳይቀምስ። «እማማ፣ ከልክለውናል» አልኳቸው። ቅቤው ለባለቤቴ ገንፎ ዋለ። አማቴ ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

ባለቤቴ አራስ ስለሆነች ለአንድ ወር ያህል መኪናዬን ቤት አምጥቼ ሠራሁ። ጥሩ አደረግኩ። ልጁ ሲያለቅስ እሹሩሩ ብንለው እምቢ ይላል። ፔዳሉን ስረግጥ ግን ጸጥ። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ። ሦስት ቀን ሞከርኩት፤ ሦስቱንም ቀን ሠራ። ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯን እስክትይዝ ሱቅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። ጽንስ በመጨረሻዎቹ ወራት ድምፅ ይሰማል፤ የእናቱንም ድምፅ ሲወለድ ለይቶ ያውቃል። የኔንም መኪና ያወቃት ይመስለኛል። መቀስ ሲወድቅብኝ ግን ጉድ ነው። ሁለት እጁን ወርውሮ ይዘረጋና አየሩን እንደማቀፍ ብሎ ይሰበስባል። አማቴ በስመ አብ ይላሉ። ይህ ድንጋጤ አብሮት የተወለደ ነው፤ 4 ወር ካለፈው በኋላ እየጠፋ ይሄዳል።

ዓይኑንም ለክቻለሁ። አዲስ የተወለደ ልጅ ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ርቀት ያለውን ነው። ስታጠባው ጠብቄ ከዓይኑ እስከ ፊቷ ሜትር ዘረጋሁ። 27። እኔ ለካ በር ላይ ቆሜ ነበር «ማሙሽ፣ ማሙሽ» እያልኩ የምውለው! ከዚያ ወዲህ እንደሷ ፊቴን ማስጠጋት ጀመርኩ። እሱም ዓይኑን ተከለብኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ያለ እንባ ነው ያለቀሰው። እንባው ወር ሊሞላው ሲል መጣ። ይህንን እንኳ አልለካሁም።

በ40 ቀኑ አበራ ጊዮርጊስ ወሰድነው። ተጠምቆ ወጥቶ እየጮኸ ሳለ ልብሱን በራሱ አጠለቅንለት። አንገትጌው አፍንጫው ላይ ቆመ። ብንጎትት አይወርድ። የክርስትና አባቱ ዞር ብሎ አየኝና «አንተ ልብስ ሰፊ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ስፌቱን በጥርሴ ተረተርኩት። ሰው ሁሉ ያያል። ቤት ገብቼ ስለካው ጭንቅላቱ 38 ሆኗል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በወር 2 ሴንቲ ያህል እንደሚሰፋ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ቁመቱንም የለካሁት እግሩን አጥፎ እንደተኛ ነበር፤ ልብሱ ጉልበቱ ላይ ቀረ። አሁን የሕፃን ልብስ ሳዘጋጅ አንገቱን ትከሻው ላይ በቁልፍ እከፍተዋለሁ። እግርም ሳላቃና አልለካም።

ሁለት ወር ሲሞላው ደግሞ አንድ ነገር ጠፋብኝ። በተወለደ ሰሞን ብብቱን ይዘን እግሩን ጠረጴዛ ስናስነካው ይራመድ ነበር። አማቴ «በጊዮርጊስ! ይሄ ልጅ በስድስት ወሩ ሊሄድ ነው» ብለው ለጎረቤት አውርተዋል። አሁን ብናስቆመው እግሩን አያነሳም። ደከመ ብዬ ተጨነቅኩ። ነርሷ ይህም የተለመደ ነው አለችኝ። ስልኬ ላይ ሳነብ ያገኘሁት ደግሞ የባሰ ገረመኝ። ኤስተር ቴለን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሕፃናትን እግር ውሃ ውስጥ አስገባች። እርምጃቸው በዛ። የእኛም ልጅ እግሩ ስለወፈረ ከብዶት ነው እንጂ አልረሳም።

ጭኑን ለካሁት። 15 የነበረው 20 ሆኗል።

ውሃ የመጣ ቀን ትልቁን ሳፋ ሞላን። ሙቀቱን በክርኔ ሞከርኩ። ባለቤቴ ብብቱን ይዛ እስከ ወገቡ አስገባችው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አንዱን እግር አነሳ። ሌላውንም። አማቴ እልል አሉ። ልጁ በእልልታው ደንግጦ ተፈራገጠና ሳፋው ተገለበጠ። ሁለት ቀን የጠበቅነውን ውሃ ወለሉ ጠጣው።