ሳልመርጠው የገባሁበት ፊዚክስ፣ ድሬ ላይ እንዴት እንደጨረስኩት

ፊዚክስን እኔ አልመረጥኩትም። ዲፓርትመንት ስንሞላ መጀመሪያ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ቀጥሎ ምናምን ምናምን እያልኩ ሄጄ ፊዚክስን መጨረሻ ላይ የሞላሁት ቦታ ስለተረፈ ነው፣ ከዛ ኖቲስ ቦርድ ላይ ስሜን ስፈልግ ስፈልግ እዛው ስር አገኘሁት። እማዬ ስነግራት «እና ስትመረቅ ምን ትባላለህ?» አለችኝ፣ እኔም አላውቅም ነበር። ሰፈር ደግሞ «አቦ አስተማሪ ልትሆን ነው በቃ» ብሎ ዘጋው።

መጀመሪያ ላይ አጠናኔ እንደ ሁሉም ሰው ቸከላ ነው። የሲኒየሮች ሃንድአውት፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ከነመልሳቸው፣ ሽምደዳ፣ ከዛ ፈተና ላይ መድፋት። መካኒክስን በዚህ አለፍኩ፣ እንዲያውም ቢ አመጣሁ። ኤሌክትሮማግኔቲዝም ግን ያዘኝ። ሚድ ላይ የመጣው ጥያቄ የጋውስ ሎው ነበር፣ ከቻርጁ ተነስቶ ፊልዱን የሚያገኘው ሕግ፣ ቻርጅ የሞላበት ኳስ፣ ውስጡ ያለውን ኤሌክትሪክ ፊልድ ፈልጉ። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ይሄን በልቤ ነው የማውቀው፣ ሮ (የቻርጁ ዴንሲቲ) ሲባዛ በአር (ከመሃሉ ያለው ርቀት) ሲካፈል ለ3 ኤፕሲለን ኖት (የታወቀ ቋሚ ቁጥር ነው)። ችግሩ የሃንድአውቱ ኳስ ዴንሲቲው በሁሉም ቦታ እኩል ነው፣ የፈተናው ግን ከመሃሉ እየራቅክ ስትሄድ የሚጨምር ነው፣ ኬ አር፣ ማለት አንድ ቋሚ ቁጥር ሲባዛ በአር። እኔ ሮ ያለበት ቦታ ኬ አር ከትቼ ኬ አር ስኩዌር ሲካፈል ለ3 ኤፕሲለን ኖት ብዬ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። መልሱ ሲካፈል ለ4 ነው። ኢንቲግሬት ማድረግ ነበረብኝ፣ ያ 3 ራሱ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም። ወረቀቱ ሲመለስ ቀይ እስክሪብቶ የከበበው እዛችው 3 ላይ ነው። በዚያ ሴሚስተር ዋርኒንግ በላሁ።

እረፍት ላይ ቤት ሄጄ ፊዚክሱን ትቼ የፍሬሽማን ካልኩለሴን አወጣሁ። ያፍራል ሰው እውነቱን ለመናገር፣ ሦስተኛ ዓመት ልትገባ ምንም አልቀረህም፣ አንተ ቼይን ሩል ትሰራለህ። ግን የከበደኝ ፊዚክሱ አልነበረም፣ ሒሳቡ ነው ፊዚክስ መስሎ የሚያስፈራራኝ። ዳይቨርጀንስና ከርል (አንዱ ፊልዱ ከአንድ ቦታ ምን ያህል እንደሚፈልቅ፣ ሌላው ምን ያህል እንደሚሽከረከር የሚለኩ ናቸው) ምን እንደሚያወሩ የገባኝ ያኔ ነው፣ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሲመጣ ውሃው የሚሽከረከርበትን ቦታ እያሰብኩ። ስመለስ የአጠናን ነገሬን ቀየርኩ፣ መልሱን ዘግቼ ባዶ ወረቀት ላይ አንድ ጥያቄ፣ እስኪሰለቸኝ። አንዳንድ ቀን አራት ሰዓት ቁጭ ብዬ ሁለት ጥያቄ ብቻ እሰራለሁ፣ የዶርም ልጆች በዚያ ሰዓት ቻፕተር ጨርሰው ካርታ እየተጫወቱ ነው። በጣም ወደኋላ የቀረህ ይመስልሃል። ለሁለት ወር ያህል ይመስልሃል።

ስለ ጫት ሳላወራ ካለፍኩ ድሬ ነው የተማርኩት ብል ማንም አያምነኝ። ሞክሬዋለሁ፣ ለፋይናል። ምርቃና ላይ እያለህ ኳንተም ሁሉ ይገባሃል፣ የኳንተሙ ሳይንቲስት ሽሮዲንገር አጠገብህ ቁጭ ብሎ የሚያወራህ ነው የሚመስልህ፣ ሌሊቱን ሰባት ገጽ ጻፍኩ። ጠዋት ዱካኩ ይዞኝ ደብተሬን ስከፍት ያው አንድ ኢኩዌሽን ነው ሰባት ጊዜ የተገለበጠው፣ ያውም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ከዛ በኋላ ተውኩት። ለእኔ የሰራው ሰዓቱን መቀየር ነው፣ ድሬ ከምሳ በኋላ አይጠናም፣ ሙቀቱ ጭንቅላትህን ነው የሚያቀልጠው፣ ተኛ በቃ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ፣ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ያለው ንፋስ የእኔ ነው።

ላብ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተማርኩ። ለሰባት ሰው አንድ ፔንዱለም፣ የክሩ ርዝመት 1 ሜትር፣ 20 ጊዜ ሲወዛወዝ ሰዓቱን ያዝና «ጂ»ን፣ የመሬት ስበት አክሰለሬሽንን፣ አስላ። እኛ ያገኘነው 38.2 ሰከንድ፣ ጂ 10.8 ወጣ። ግሩፑ «9.8 ብለን እንጻፍና እንሂድ» አለ፣ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው። አንዷ ልጅ ግን እንቢ አለች፣ ድገሙት ብላ አጠገቤ ቆማ እኔ ስቆጥር ሰማችኝ። ኳሱን ስለቀው «አንድ» እላለሁ። ለካ 20 ስል የተወዛወዘው 19 ነው። ከዜሮ ጀምረን ስንቆጥር 40.2 ሰከንድ ሆነ፣ ጂ 9.77። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ።

ከዛ ልጅ ጋር ጓደኛ ሆንን፣ ሁለታችን ያለ ማንም ትዛዝ የሰራነው ነገር አለ። ድሬ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9.6 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፣ ሚያዝያ 7 አካባቢና ነሐሴ መጨረሻ ላይ። ሚያዝያ ላይ አንድ የብረት ቱቦ በቱንቢ አስተካክለን ሜዳ ላይ ተከልን፣ የግቢው ልጆች አበዱ እያሉን። 6 ሰዓት ሲሆን ትንሽ ጥላ አለ፣ ተናደድን፣ ከ12 ደቂቃ አካባቢ በኋላ ግን ጠፋ፣ ቱቦው ጥላ የለውም! አስራ ሁለቷ ደቂቃም ምክንያት አላት፣ የሀገሪቱ ሰዓት በ45 ዲግሪ ሎንጊቲውድ ነው የተቀመጠው፣ ድሬ ደግሞ ከሱ ሦስት ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ ናት፣ ፀሐይ ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ትዘገያለች። ይሄን ማንም ኤ አልሰጠንም።

ኤግዚት ኤግዛም በ2015 ሲጀመር ሁሉም ቴንሽን ውስጥ ነበር፣ ማለፊያው 50 ነው ግን የዓመታቱ ኮርስ በአንድ ቀን ነው የሚመጣብህ። የእኛ ተራ ሲደርስ ሃንድአውት ያጠራቀሙት ልጆች ከየት እንደሚጀምሩ ጠፋቸው፣ እኔ አራት ወፍራም ደብተር የራሴ ስህተት ነበረኝ፣ እሱን አነበብኩ፣ አለፍኩ።

አሁን ድሬ ሳቢያን ሰፈር የ12ኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ፣ ማስተርስ እየሞላሁ። እማዬ ምን እንደምባል እስካሁን ስላልገባት ለጎረቤት «የኤሌክትሪክ ነገር ነው የተማረው» ብላ አውርታ ባለፈው ሳምንት አንዲት እትዬ የማይዞር ቬንትሌተር ይዘው በር ላይ ቆሙ። አልችልም ማለት አፈርኩ፣ ፈታሁት። ደግነቱ ካፓሲተሩ ነበር፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄጄ ገዝቼ ቀየርኩላቸው።