011 የት ያልቃል?

ከቃሊቲ ወጥታችሁ በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ስትሄዱ የሱቆቹን ታፔላ እያነበባችሁ ሂዱ። የመስመር ስልካቸው ቃሊቲ ላይ በ011 439 ይጀምራል፣ አቃቂ 011 434፣ ዱከም 011 432፣ ቢሾፍቱ 011 433። ኦሮሚያ ከገባችሁ ቆይታችኋል፤ ኮዱ ግን አሁንም የአዲስ አበባው ነው። ሞጆ ስትደርሱ በአንድ ጊዜ 022 ይሆናል።

ርቀት ነው እንዳይባል፣ 130 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ደብረ ብርሃን 011 ስትሆን ከእሷ ይልቅ ለአዲስ አበባ የምትቀርበው አዳማ 022 ናት። የክልል ወሰን ነው እንዳይባልም፣ ደብረ ብርሃን ያለችው አማራ ክልል ነው። ኮዱ የሚከተለው ሽቦውን ነው። የቤታችሁ መስመር አቅራቢያችሁ ካለው የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ይገባል፣ ያ ጣቢያ ደግሞ ከአንድ ትልቅ ጣቢያ ጋር ይያያዛል። 011 የትልቁ መለያ ነው፣ ቀጥለው ያሉት ሦስት አሃዞች የሰፈሩ ጣቢያ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ አራት የእናንተ መስመር። አራት አሃዝ ከ0000 እስከ 9999 ስለሆነ አንድ መነሻ የሚይዘው 10,000 ቁጥር ብቻ ነው። ፍልውሃ 551፣ 552፣ 553 እያለ የሚቀጥለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲሞላ ሌላ ይጨመራል። የቤት ስልኩን ከፍልውሃ ወደ ኮተቤ የሚያዛውር ሰው 551ን ይዞ መሄድ የማይችለውም መነሻው የጣቢያው እንጂ የሰውየው ስላልሆነ ነው፤ ኮተቤ 660 ነው።

ከ011 ቀጥሎ ያለችውን አንዲት አሃዝ ብዙ ሰው ልብ አይላትም። በየትኛው በር ከከተማ እንደምትወጡ የምትናገረው እሷ ናት። 1 ከአራዳ ተነስቶ በጎጃም በር ጫንቾና ፍቼ ይደርሳል። 2 ከመርካቶ በአስኮ ወጥቶ ቡራዩን (284)፣ ሆለታን (237) እና አምቦን (236) ይይዛል። 3 የጅማ መንገድ ነው፦ አሮጌ ኤርፖርት፣ መካኒሳ፣ ሰበታ (338)፣ ወልቂጤ (330)። 4 ከቄራና ንፋስ ስልክ ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳል። 6 ደግሞ ከቦሌና ከየካ በኮተቤ፣ በሰንዳፋ (686) አድርጎ ደብረ ብርሃን (681) ይገባል። 5 መሃል ከተማ ቀርቷል። የዳር ከተማ ሰው የትኛው አውቶቡስ ተራ እንደሚሳፈር ከስልኩ ይታወቃል ማለት ነው፤ እኔ ከካርታ ይልቅ ይህን እወዳለሁ።

ይህች አሃዝ የተጨመረችው መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ ኮድ 01፣ ቁጥሩም ስድስት አሃዝ ነበር። የጣቢያው መለያ ሁለት አሃዝ ብቻ ስለነበር ከ00 እስከ 99 ቢቆጠር እንኳ ከ100 አያልፍም፣ ላይሠራበት የሚተወው ደግሞ ብዙ ነው። ወደ ሦስት ከፍ ሲል ቦታው አሥር እጥፍ ሆነ። አሮጌ ደረሰኝ ወይም ማህተም ላይ 01-33 የሚል ካገኛችሁ ዛሬ 0114-33 ነው፤ 01-46 የየካ ስለነበር 0116-46 ሆኗል፣ 01-51 ደግሞ 0115-51። የመጨረሻዎቹ ስድስት አሃዞች አልተነኩም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ቁጥሩ የየት ሰፈር እንደነበር ነው። በግምት 5 እየጨመሩ መሞከር የማያውቁትን ሰው በሌሊት መቀስቀስ ነው። የክፍለ ሀገሩም ኮድ አሮጌውን አሃዝ መጨረሻው ላይ አስቀርቷል፦ አዳማ 02 የነበረው 022፣ ድሬዳዋ 05 የነበረው 025፣ ሐዋሳ ከ06 ወደ 046፣ ባሕር ዳር ከ08 ወደ 058። ሞባይሉም ያኔ 09 እና ስድስት አሃዝ ነበር፤ 0911 የሆነው በዚያው ለውጥ ነው።

አሁንም ድረስ ታፔላ ላይ የሚታየው ስህተት +251 011 ብሎ መጻፍ ነው። 0 የአገር ውስጥ መነሻ ናት፤ +251 ሲገባ ትወጣለች። ትክክለኛው +251 11 ብሎ ሰባት አሃዝ ማስከተል ነው። ከ+251 በኋላ ቁጠሩ፤ ዘጠኝ ካልሆነ ተሳስቷል። ኤክሴል ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፦ 0911 ብላችሁ ስትጽፉ 0ውን ይበላዋል። ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን ወደ ቴክስት ቀይሩት፤ በ+251 ብትመዘግቡም ያው ነው፣ ቴክስት ካልሆነ +ንም ይበላታል። እኔ በቴክስት ዓምድ ላይ ሁሉንም በ+251 መጻፉን እመርጣለሁ።

በ2015 ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን ሸገር ከተማ ሲሆኑ የጽሕፈት ቤቱ ማህተም ተቀየረ እንጂ የስልኩ መነሻ አልተነካም። ሳፋሪኮም በ07 አገልግሎት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። 07 ከ1998 በፊት የጅማ ኮድ ነበር፤ ጅማ 047 ስትሆን ባዶ ቀረ። ስለዚህ አሮጌ ወረቀት ላይ 07 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ መጀመሪያ አሃዙን ቁጠሩ፦ ስምንት ከሆነ የድሮ የመስመር ስልክ ነው፣ አሥር ከሆነ የሳፋሪኮም ሲም።