እኔ ወረድኩ፣ እሱ ፎቅ ቀረ

ዘፈኑ ትዝታ ነው። ከ«ላ» ኖታ የሚነሳ፣ በደቂቃ 80 የሚመታ ችክችካ። አቀናባሪው ቤዙ የሲንት፣ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር ኪቦርድ፣ ይሁን አለ። ያውም ዋው ዋው የሚል፣ ዎብል። ትዝታ ላይ ዎብል ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ስልኩን አውጥቶ ዘፈን ሲያስደምጠኝ ይመሽ ነበር።

እኔ ስቱዲዮው ውስጥ ድምፅ የማዘጋጅ ሰው ነኝ። ፓች፣ የሲንቱን ድምፅ ቅንብር ማለት ነው፣ እሠራለሁ፣ እቀዳለሁ፣ ሲያስፈልግ ቡና አዛለሁ። ኪቦርዱን የሚጫወቱት ደግሞ ጋሼ ናቸው። እነ ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር ሂልተን ይጫወቱ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውሱ ሰው ናቸው። ብዙ አያወሩም። ካወሩ ግን አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

አቀናባሪው ኤልኤፍኦውን፣ ዋው ዋው የሚያሰኘውን ቀርፋፋ ሞገድ፣ ቴምፖው (የዘፈኑ ፍጥነት) ላይ አስሮ ነው የመጣው። 80 ምት፣ እያንዳንዱ ምት ሦስት ቦታ ሲከፈል፣ በሰከንድ 4 ጊዜ ፊልተሩ፣ ድምፁን የሚያፍነውና የሚገልጠው፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የትኛውም ኖታ ላይ ያው 4 ነው። ታችኛው ላ ላይ፣ 55 ኸርዝ ላይ ማለት ነው፣ ደስ ይላል። ጋሼ ኦክታቭ፣ ማለትም ኸርዙ እጥፍ ወደሆነው ቀጣዩ ላ፣ ሲወጡ ግን ዋው ዋውው ከዜማው ኋላ የሚጎተት መሰለ።

ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

«ይሄ ነገር አይከተለኝም።»

«ምኑ ጋሼ?»

«ዋው ዋው የሚለው። እኔ ስወጣ እሱም ይፍጠን። ስወርድ ይረጋጋ። አሁን እኮ እኔ ሌላ፣ እሱ ሌላ።»

አቀናባሪው ሳቅ አለ። «ጋሼ፣ ዎብል እኮ የሚከተለው ከበሮውን ነው።»

«ከበሮውን የሚከተል ከሆነ ከበሮውን አጫውተዋ። እኔን ለምን ጠራኸኝ?»

ዝም አልኩ። እንዲህ ዓይነት ጭቅጭቅ ውስጥ መሐል ቤት የሚገኘው ዝም ያለው ሰው ነው፤ ሥራውም የሚወድቀው እሱ ላይ ነው።

ሲንኩን፣ ከቴምፖው ጋር ያሰረውን፣ አጠፋሁት። ሞጁሌሽን ማትሪክሱ ውስጥ፣ ምኑ ምኑን እንደሚያንቀሳቅስ የሚመረጥበት ቦታ ነው፣ ምንጩን ኖታ፣ መድረሻውን የኤልኤፍኦ ፍጥነት አደረግኩ። ይሄ ሲባል ቀላል ነው። መጠኑን 100 ላይ ስላደረጋችሁት ብቻ ግን ኦክታቩ እጥፍ አይሆንም፤ የፍጥነት ማዞሪያው አካሄድ ከሲንት ሲንት ይለያያል። እኔ ታችኛውን ላ ቀድቼ፣ ላይኛውንም ቀድቼ፣ ሞገዱን አጉልቼ ጉብታዎቹን ቆጠርኩ። ታች በሰከንድ 4፣ ላይ 7 ምናምን። መጠኑን ትንሽ ገፋ፣ እንደገና ቆጠራ። 8 ሲሆን አቆምኩ። ከዚያ በላይ ያለው ላ 16 ይሆናል። ከ20 ካለፈ በኋላ ዋው ማለቱ ይቀርና ድምፁ ራሱ ይሻክራል፤ እዚያ ድረስ ግን ዜማው አይወጣም።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር ነበር። ላ ላይ 4 ከሆነ፣ አምስተኛው ድምፅ፣ ሚ ላይ 6 ገደማ ይመጣል። ኦክታቩ ላይ 8። 4 ላይ 6፣ 4 ላይ 8፤ ከምቱ ጋር አይጣሉም። ማንም ሳያስር በራሱ የታሰረ። ሲ ላይ ግን 4 ነጥብ 5 አካባቢ ነው፤ እሱ ከከበሮው ጋር ይንሸራተታል። አቀናባሪው ይቺን ሲ ወዲያው ያዛት። «አየህ? ወጣ!» አለኝ። አልተሳሳተም። ጋሼ ግን ሲ ላይ የሚቆዩት ለማለፍ ያህል ነው፤ ዜማው የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ያን ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀ።

ጋሼ ተቀመጡ። ታች፣ ላይ፣ ታች። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን መጣ።»

እፎይ አልኩ። ለካ ገና ነው።

ጋሼ መዝጊያው ላይ አንድ ልማድ አላቸው። የፒች ቤንዱን፣ ድምፅ የሚጎትተውን ዊል፣ ሬንጅ 12 ግማሽ ድምፅ (አንድ ኦክታቭ) ላይ ያደርጉትና፣ ላይኛውን ላ ይዘው፣ በግራ እጃቸው ዊሉን ቀስ እያሉ ወደ ታች ይጎትቱታል። ቤዙ ከ110 ወደ 55 ሙሉ ኦክታቭ ሟሟ እያለ ይወርዳል። ጎተቱት። ወረደ። እጃቸውን ሳያነሱ ዞረው አዩኝ።

«አንተ ልጅ።»

«አቤት ጋሼ።»

«እኔ ወረድኩ። እሱ ፎቅ ቀረ።»

እንዳሉት ነው። ማትሪክሱ የሚያየው የተነካውን ቁልፍ ቁጥር ነው እንጂ የሚሰማውን ድምፅ አይደለም። ዊሉ ድምፁን ይጎትታል፤ የቁልፉ ቁጥር አይለወጥም። ስለዚህ ቤዙ 55 ላይ ደርሶ ዋው ዋውው አሁንም 8 ነው። ግላይድም (ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተት) ላይ ያው ነው፤ ድምፁ ገና እየተንሸራተተ ፍጥነቱ ቀድሞ ዘሎ ይጠብቀዋል።

አቀናባሪው ሁለቴ አዳመጠ። «እኔ ልዩነቱ አይሰማኝም፤ ይሄ የጋሼ ምናብ ነው» አለ። ሰውየው ፊት። ጋሼ አልተቆጡም። ዊሉን ለቀቁትና፣ «ሙግ ላይ እንዲህ አልነበረም» ብለው ሲጋራቸውን ሊያጨሱ ወጡ።

ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከየትኛውም የዩቲዩብ ትምህርት በላይ ጠቀመችኝ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሚኒሙግ፣ ጋሼ ሙግ ያሉት ሲንት፣ ለብቻው ኤልኤፍኦ የለውም። ሦስተኛው ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) ነው ያን ሥራ የሚሠራው። አጠገቡ አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ስትጠፋ ሦስተኛው ኪቦርዱን ትቶ የራሱን ኑሮ ይኖራል፣ ስትበራ እንደ ሌሎቹ ኪቦርዱን ይከተላል። የሚከተለው ደግሞ ቁጥር አይደለም፤ ቮልት ነው፣ ለአንድ ኦክታቭ አንድ ቮልት። ግላይዱም ቤንዱም እዚያው ቮልት ውስጥ አሉ። ድምፁ የሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

የሚኒሙጉ የሶፍትዌር ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ ነበረን። ሦስተኛውን ዝቅተኛው ሬንጅ ላይ አደረግኩት፣ ከሚክሰሩ አወጣሁት እንዳይሰማ፣ ማብሪያዋን አበራሁ፣ ወደ ፊልተሩ ላክሁት፣ ታችኛው ላ ላይ 4 እስኪል አስተካከልኩት። ሞድ ዊሉን፣ የዋው ዋውውን መጠን የሚወስነውን፣ ከፍ ማድረግ እንዳትረሱ፤ ካልተገፋ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም።

ጋሼ ተመልሰው ገቡ። ላይኛውን ላ ያዙ። ጎተቱ። ቤዙ ሲወርድ ዋው ዋውው አብሮ እየሰነፈ፣ እየሰነፈ፣ ታች ሲደርስ ከችክችካው ጋር ቁጭ። ምንም አላሉም። «ቅዳ» ብቻ።

ቀዳን። ዘፈኑ በዚያ ወጣ። ስልክ ላይ ብትሰሙት 55 ኸርዝ የሚባል ነገር አይወጣም፤ ከስልክ የምትሰሙት የላይኛውን ጭረት ብቻ ነው። ጥሩ ሰብ (የታች ድምፅ ስፒከር) ያለው ታክሲ ከገጠማችሁ መዝጊያውን ጠብቁ።

አቀናባሪው አሁን ለወጣቶች ሥልጠና ይሰጣል። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ፣ «ኖታን የሚከተል ዎብል» ይለዋል፣ «እኔ ያገኘሁት መንገድ» እያለ። የጋሼ ስም አይነሳም። የእኔማ ይቅር።

እኔ ሙያ ይደበቅ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የጠየቀኝን ሁሉ አሳያለሁ፣ ፋይልም እሰጣለሁ። እሱም ሥልጠናውን ሊጀምር ሲል ደውሎ፣ «ያን የትዝታውን ፓች ላክልኝማ» አለኝ። ወዲያው ላክሁለት። በማትሪክስ የተሠራውን፣ የመጀመሪያውን። የትኛውን አላለኝም፤ ደግሞም ልዩነት የላቸውም ያለው እሱ ራሱ ነው። እስካሁን ዊሉን የጎተተ ተማሪ አልገጠመውም መሰለኝ፣ አልደወለም።