የተሸነፈ ይከፍላል

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ

እዚህ ከተማ ጌም ቤት ገብቶ «አንድ ጌም ስንት ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚነገረው ዋጋ የዲስኩ አይደለም፣ የአንድ ግጥሚያ ነው። «ጌም» ማለት ሁለት ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚጨርሳት አንዲት ጨዋታ ናት። ከዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ በር እስከ አባይ ማዶ ቃሉ ያው ነው። ተጫዋች ለጌም ስንት ሊከፍል ይፈቅዳል የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚታወሰኝ ይኸው የቃል ጉዳይ ነው። ፈረንጆቹ ሲከራከሩ ስለ ዕቃ ዋጋ ነው፤ እኛ የምንገዛው ግን ተራ ነው።

የእነሱን ቀድሜ ልጨርሰው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 እና በ2006 ኤክስቦክስ 360 እና ፕሌይስቴሽን 3 ሲወጡ የትልልቆቹ ጌሞች ዋጋ አሜሪካ ውስጥ 60 ዶላር ላይ ተቸነከረ፤ አሥራ አራት ዓመት ያህልም አልነቃነቅ አለ። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ሲመጣ 70 ገባ። በ2025 ኒንቴንዶ ማሪዮ ካርት ዎርልድን 80 ዶላር ሲለው ሰዉ ጮኸ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ዘ አውተር ዎርልድስ 2ን በ80 እሸጣለሁ ብሎ ካስታወቀ በኋላ ወደ 70 መለሰው። በጩኸቱ መሐል ብዙም የማይነሳው ነገር፣ የ2006ቱ 60 ዶላር በዛሬ የመግዛት አቅም ሲሰላ ከ90 ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ጨመረ እንጂ ጌሙስ ረክሷል። ግን ማን እንዲህ አስልቶ ይከፍላል? ሰው የሚያስታውሰው ባለፈው የከፈለውን ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ዶላሩ ባለበት ቆሞ ብሩ ይሸሻል። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ 70 ዶላር ማለት 4 ሺህ ብር ግድም። ዶላር 100 ብር ሲሆን ያው ጌም 7 ሺህ ይሆናል፣ 150 ሲሆን 10 ሺህ 500። (በባንክ ዋጋ ለጌም ዶላር የሚያገኝ ሰው ካለ ማለት ነው።)

ብሩ ቢገኝም መክፈያው ሌላ ጣጣ ነው። ሶኒ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ከሚከፍትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ስለዚህ አካውንቱ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካ ተብሎ ነው፤ ከዚያ የአሜሪካ ጊፍት ካርድ በቴሌግራም ከሚሸጡ ልጆች ይገዛል። ገንዘብ የሚበላው እዚህ ላይ ነው። የካርዱ አገርና የአካውንቱ አገር አንድ ካልሆነ ካርዱ አይሞላም፤ ኮዱ ከታየ በኋላ ደግሞ ማንም መልሶ አይረከብም። ከዱባይ የሚያስመጣ ሰው ዋጋው ቀነስ ማለቱን አይቶ ዲስክ ማስገቢያ የሌለውን ፕሌይስቴሽን 5 ከመረጠ፣ ማስገቢያውን ለብቻው ገዝቶ ካልጨመረ በቀር ዲስክ መዋዋስም አሮጌ መግዛትም ቀረበት ማለት ነው። ለእኛ ከተማ ሰው ያ ርካሹ ማሽን ውድ ነው።

የዲስክ እውነተኛ ዋጋ የተገዛበት ብር ሳይሆን፣ ከዚያ ላይ መልሶ የሚሸጥበት ሲቀነስ የሚተርፈው ነው። የኳስ ጌም አዲሱ በየዓመቱ መስከረም ውስጥ ይወጣል፣ አሮጌው በዚያው ሳምንት ይወድቃል። ነሐሴ ላይ የኳስ ዲስክ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የሚገዛ ሰው ለአንድ ወር ነው የገዛው። ጥቅምት ላይ ቢገዛ ይሻለዋል፤ አዲሱን ለማይፈልግ ደግሞ ያኔ የአምናው ርካሽ ነው። የታሪክ ጌም እንዲህ አይወድቅም። ጂቲኤ 5 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ወጥቶ እስከ ዛሬ በሰዓት እየተከራየ ይጫወቱታል።

አሁን ወደ አግዳሚው ወንበር። ሒሳቡን ለማሳየት አንድ ጌም 15 ብር ነው እንበል። የኳስ ጌም አንዱ ግማሽ 6 ደቂቃ ሲሆን ጨዋታው 12 ደቂቃ ይፈጃል፤ ቡድን መምረጡ፣ አሰላለፍ ማስተካከሉ፣ የጎል ሪፕሌዩ፣ የዕረፍቱ ነገር ሲጨመር 16 ይደርሳል። በሰዓት አራት ጌም እንኳ አይሞላም፤ 56 ብር። ግማሹን 4 ደቂቃ ቢያደርጉት አንዱ ጌም 12 ደቂቃ ይሆንና በሰዓት አምስት ጌም፣ 75 ብር ይገኛል። የተለጠፈው ዋጋ አልተነካም። ዳቦ ቤት ዋጋ ሳይጨምር ዳቦውን እንደሚያሳንሰው ማለት ነው፤ ተጫዋቹም እንደ ዳቦ ገዢው፣ በብሩ ይጨቃጨቃል እንጂ በደቂቃው ብዙም አይጨቃጨቅም።

ግን ማሳነሱም ልክ አለው። ግማሹ 3 ደቂቃ ከወረደ ጎል ይጠፋል፣ ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ያልቃል። አቻ ደግሞ የጌም ቤት ጠላት ነው። የባሕር ዳር ክፍያ የቆመው በአንድ ሕግ ላይ ነውና፦ የተሸነፈ ይከፍላል። ተሸናፊ ከሌለ ከፋይ የለም። ወይ ተጨማሪ ሰዓትና ፔናልቲ ይገባል፣ የተቆጠበው ደቂቃ እዚያው ይበላል፤ ወይ ለሁለት ይካፈላሉ፣ ለማካፈል ደግሞ ዝርዝር የለም። ስለዚህ 4 ደቂቃ ከዚህ በታች የማይወረድበት ወለል ነው ባይ ነኝ።

ይህ ሕግ «ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ገልብጦታል። ጎበዙ ልጅ በነፃ ውሎ ይገባል፤ ዋጋው 15 ይሁን 30 ግድ የለውም፣ እንዲያውም ሲወደድ ደስ ይለዋል። ደካማው ሦስት ጌም ተከታትሎ ከከፈለ በኋላ ተነስቶ ይሄዳል። ቤቱን የሚያኖሩት ችሎታቸው እኩል የሆኑት ናቸው፦ አንድ ለባዶ፣ ሁለት ለአንድ፣ «ድገመኝ!»፣ «ጋሼ፣ ይቺን እሱ ነው የሚከፍላት፣ ቀጣዩን ክፈቱልን።» «ድገመኝ» ያለ ልጅ ዋጋ አይጠይቅም። ባለቤቱን የሚጠቅመው ዋጋ መቀነስ ሳይሆን ማንን ከማን ጎን እንደሚያስቀምጥ ማወቁ ነው።

በቀን አራት ጌም ተጫውቶ ሁለቱን የሚሸነፍ ተማሪ በቀን 30 ብር ይከፍላል። በወር 25 ቀን ቢመጣ 750፤ በዘጠኝ የትምህርት ወር 6 ሺህ 750። ዶላር በ100 ብር ሲታሰብ ያ 70 ዶላር ማለት ነው፣ 250 ብር ብቻ ጎደለው። ልጁን «ለአንድ ጌም 7 ሺህ ብር ትከፍላለህ?» ቢሉት ያብዳል። ከፍሎታል። ሞኝነት ነው አልልም፤ ዲስኩን ገዝቶ ቤቱ ቢቀመጥ ማንን ነው የሚያሸንፈው?

ተጫዋች ለመክፈል የሚያንገራግርበት ዋናው ሰበብ ግን ዋጋ አይደለም፣ ጆይስቲክ ነው። በግራ እጅ በኩል ያለችው መዘወሪያ መጀመሪያ ላስቲኳ ይላላጣል፣ ነጩ ፕላስቲክ ይወጣል፣ አውራ ጣት መንሸራተት ይጀምራል። ቀጥሎ ውስጥ ያለው የካርቦን ንጣፍ ይበላና ሳይነኳት ራሷ ትሄዳለች። የተሸነፈ ሁሉ «ጆይስቲኩ ነው» ይላል፤ ከአምስቱ አንዱ እውነቱን ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጨዋታው ሳይጀመር፣ ቡድን መምረጫው ላይ ሁለቱም ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ምርጫው ራሱ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ጆይስቲኩ ይቀየራል፤ ካልተንሸራተተ በኋላ ማማረር የለም። በአልኮል ማጠብ ለጥቂት ቀን ያስታግሳል እንጂ የተበላውን ንጣፍ አይመልስም። መዘወሪያውን ሙሉ በሙሉ መቀየር ከደርዘን በላይ የብየዳ ነጥብ መንቀልና መልሶ መበየድ ስለሆነ፣ እጁ ላልለመደ ሰው ቦርዱን ማበላሸት ነው። ለጥገና ሰጥቶ መጠባበቂያ መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛው ሰበብ መብራት ነው፣ በክረምት በተለይ። 70ኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ለባዶ ሆኖ መብራት ቢጠፋ ማን ይከፍላል? ይህ አስቀድሞ ግድግዳ ላይ ካልተጻፈ ጠብ ነው። ከዕረፍት በኋላ ከጠፋ እየመራ ያለው አሸንፏል፣ ከዕረፍት በፊት ከጠፋ ማንም አይከፍልም የሚል ወረቀት ይበቃል። ፕሌይስቴሽን 4 ስሊምና አንድ መካከለኛ ቴሌቪዥን አንድ ላይ 150 ዋት አካባቢ ይወስዳሉ፤ ባትሪው ያላረጀ ትንሽ 650 ቪኤ ዩፒኤስ አሥር ደቂቃ ገደማ ይዞ የተጀመረውን ያስጨርሳል። በየመሐሉ ድንገት የሚጠፋበት ማሽን ደግሞ አንድ ቀን ጌሞቹን አላገኛቸውም ይላል። ያኔ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የማብሪያውን ቁልፍ ሰባት ሰከንድ ያህል፣ ሁለተኛዋ ድምፅ እስክትሰማ ተጭኖ መያዝ፣ ጆይስቲኩን በገመድ መሰካት፣ ከሚመጡት ምርጫዎች አምስተኛውን፣ ዳታቤዙን እንደገና የሚያደራጀውን መምረጥ ነው። ስድስትና ሰባትን የነካ ሁሉንም ጌም አጠፋ። ጌሞቹን እንደገና ማውረድ ደግሞ አንዱ ብቻ ከ40 ጊጋ በላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ኢንተርኔት የማይጠይቀው የኳስ ዲስክ ነበር ቤቶቹን ያቆማቸው፤ በነፃ የሚወርደውና በኢንተርኔት የሚጫወቱት ሁሉ ዋጋ አጣ።

የስልኩን ጉዳይ ባጭሩ። ፐብጂ በነፃ ነው የሚባለው፣ ግን 60 ዩሲ (የጌሙ ውስጥ ገንዘብ) አንድ ዶላር ገደማ ነው። ሻጩ የሚያስፈልገው የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ብቻ ነው፤ በቴሌብር ከፍለው ቁጥሩን ይልካሉ፣ ይሞላል። የይለፍ ቃል የጠየቀ ሻጭ ሌባ ነው።

ዋጋ ሊጨምር ያሰበ ባለቤት ወይም ጌም ሠርቶ ሊሸጥ ያሰበ የፖሊ (የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ) ተማሪ ሰዉን ጠይቆ መነሳቱ አይቀርም። «ስንት ትከፍላለህ?» የሚለው ጥያቄ እኛ አገር ዋጋ የለውም። ይሉኝታ አለ። ጓደኛ ከሆነ ያበዛል፣ ገዢ ከሆነ ያሳንሳል። ፒተር ቫን ቬስተንዶርፕ የሚባል የኔዘርላንድስ ኢኮኖሚስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ያወጣው ዘዴ ይሻላል፤ አንድ ቁጥር ሳይሆን አራት ይጠይቃል። በየትኛው ዋጋ ከመርከሱ የተነሳ ጥራቱን ትጠራጠራለህ? በየትኛው ርካሽ ነው ትላለህ? በየትኛው ተወደደ ብለህ ግን ታስብበታለህ? በየትኛው ጭራሽ ትተወዋለህ? አራቱ መልሶች በግራፍ ሲሳሉ መስመሮቹ የሚቆራረጡበት መሐል ሰው የሚቀበለው ዋጋ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ጥያቄው በቃል ሳይሆን በወረቀት፣ ስም ሳይጻፍ ይሁን።

ይህም ቢሆን የተጻፈ ቁጥር እንጂ የወጣ ብር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 የወርልድ ኦፍ ጉ ሠሪዎች፣ 20 ዶላር ይሸጡት የነበረውን ጌም ለልደቱ «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» አሉ። አማካዩ ሁለት ዶላር ግድም ሆነ፤ ከሁሉ የበዛው ሰው የከፈለው አንድ ሳንቲም ነበር። ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ከሌለ ይሉኝታም የለም።

አግዳሚው ላይ ግን ሁሉም ይተያያል። ዋጋ ሲጨመርም ከ10 ወደ 12 አይሆንም፣ ወደ 15 ነው የሚዘለለው፤ ለሁለት ብር መልስ ማን ሳንቲም ያንቆጫቁጫል? አሥርና አምስት ኖት ይበቃል። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ያ ምክንያት እየላላ ነው። ፔናልቲ የሰለቻቸው ችሎታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች አቻ ወጥተው፣ ስልካቸውን አውጥተው፣ እያንዳንዳቸው 7 ብር ከ50 ሳንቲም ይልካሉ፤ ከዚያ አንደኛው ስልኩን ኪሱ ሳይከት «ድገመኝ» ይላል።